የዘይነባን ዶሮ የረሳሁበት ዓመት

መጀመሪያ የጠፋኝ ነጠላ ጫማዬ ነው። ከጓሮ ወደ ቤት ስገባ የግራ እግሬ ባዶውን መሆኑን በዓይኔ አየሁት እንጂ እግሬ አልነገረኝም። ዞር ብዬ ሳይ ጫማው አምስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ወድቋል። ጤነኛ ሰው ቢሆን «እግሬ ደንዝዟል» ይል ነበር። እኔ ግን ግቢውን ቃኘሁና «ማን ነው ያወለቀብኝ?» አልኩ። ግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው መርሳት ለጀመረው ሰው ነው፤ ይልቁንም እናቱ ወይም አባቱ «ዕቃዬን ሰረቁኝ» ማለት ለጀመሩበት። ስሜ አስካለ ነው፤ ስልሳ ስድስት ዓመቴ። መጀመሪያ ከላላ ከተማ፣ ከዚያ እዚሁ መካነ ሰላም፣ በድምሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከበሽታው በፊትም ተጠራጣሪ ነበርኩ፤ ይህን አልደብቅም። የፈተና ቀን እኔ የምቆጣጠረው ክፍል የደረሰው ተማሪ ዕድሉን ይረግም ነበር። እጅጌ ላይ የተጻፈውንም፣ ማስቲካ ወረቀት ውስጥ የተጠቀለለውንም አገኘዋለሁ። ስለዚህ በሽታው ሲመጣ እንግዳ ሆኖ አልመጣም። የራሴን ጠባይ ይዞ ነው የገባው፤ ማንም ያላወቀውም ለዚህ ነው፣ እኔም ጭምር።

ኋላ ስለሚያስፈልግ ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ከአሥር ዓመት በላይ ስውጥ ኖሬአለሁ። ሌላው፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ትቼ ነበር። በጾም ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ። ማንም አላዘዘኝም። የንስሐ አባቴ እንኳ «ልጄ፣ እኔ ይህን ያህል አላልኩሽም» ብለውኝ ነበር። ሰፈሩ ግን ያደንቀኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም መደነቁን አልጠላሁትም። እየከሳሁ፣ እየረሳሁ፣ ስራመድ ግድግዳ እየደገፍኩ ስሄድ ሴቶቹ «እሷ እኮ ይህን ዓለም ትታዋለች» አሉ። በሽታዬን ጽድቅ ብለው ሰየሙልኝ፤ እኔም ተቀበልኩ።

የጓሮ ጎረቤቴ ዘይነባ ናት። ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች። በአጥራችን መካከል ባሎቻችን በሕይወት ሳሉ የሠሩልን ጠባብ በር አለች፤ መቀርቀሪያ እንጂ ቁልፍ ኖሯት አያውቅም። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝና በሥጋ አንገናኝም። እሷ የኛን እርድ አትበላም፣ እኛም የነሱን። ለዚህ እዚህ አገር የቆየ መላ አለው። ፋሲካ ሲደርስ እኔ አንድ ዶሮ ከነነፍሷ፣ እግሯን አስሬ እሰድላታለሁ፤ እሷ በራሷ ሰው አሳርዳ ትሠራለች። በዒድ ደግሞ እሷ ለኔ እንዲሁ ታደርጋለች። እኔ ሥጋ ከተውኩ በኋላም ልማዱን አላስቀረነውም። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድም በዓል አልዘለልንም።

ክረምቱ ሲገባ የዕቃ ስም ይጠፋኝ ጀመር። ወንፊት ለማለት «ያ የሚነፋበት» እላለሁ። ጠፋ ስሙ፣ መጣ ቅርጹ። የሰው ስምም እንደዚያው። ግን ማንም አልነቃብኝም፣ ምክንያቱም ሰላምታው አዳነኝ። የኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው፤ «እንዴት ናችሁ፣ ቤቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ አብሽሩ» ለማለት የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም። አንድ ቀን ጨርሶ ያላወቅሁትን ሰው መንገድ ላይ አቁሜ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጠይቄ ሸኘሁት። «እትዬ አስካለ እኮ ሰው አክባሪ ናቸው» እያለ ሄደ። እስከ ዛሬ ማን እንደነበር አላውቅም።

ከዚያ መነጽሬ ጠፋ። የሐኪም ወረቀቴ ጠፋ። መቀስ ጠፋ። ዕቃ የሚጠፋው ዘይነባ ገብታ ከወጣች በኋላ መሆኑን አስተዋልኩ። ዘይነባ በየቀኑ ትገባ ስለነበር ሁሉም ነገር የሚሆነው እሷ ከወጣች በኋላ ነው፤ ይህ ቀላል ሒሳብ ያኔ አልታየኝም። ዕቃዬን መደበቅ ጀመርኩ። እደብቃለሁ፤ የደበቅሁበትን እረሳለሁ፤ ስፈልገው አጣዋለሁ፤ ሳጣው እሷን እጠረጥራለሁ። ስትስቅ «ምን አግኝታ ነው?» እላለሁ። ዝም ስትል «ምን ደብቃ ነው?» እላለሁ። ምግብ ይዛልኝ ስትመጣ እሷ ካልቀመሰች አልነካም።

ፋሲካ ደረሰ። ልጄ ሃና ደሴ ነው የምትሠራው፤ ሥራ ይዟት አልመጣችም። ለሚመጣ ሰው ብዬ ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ከወጡ በባለክዳን ድስት ቀነስኩ፣ እንቁላል ጨመርኩ፣ በጓሮው በር ወስጄ ለዘይነባ ሰጠኋት። በክርስቲያን የታረደ፣ ተሠርቶ ያለቀ ወጥ ለዘይነባ።

ድስቱን ተቀብላ ክዳኑን አነሣች። ወጡን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ቆይታ።

«አስኩዬ፣ ደህና ነሽ ወይ?» አለችኝ።

«ምን ሆንኩ? ዶሮሽን ነው ያመጣሁልሽ።»

«አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» አለችና ይዛ ገባች።

ሁኔታዋ አላማረኝም። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ስንጥቅ ስመለከት ዘይነባ ያንኑ ድስት ከማዶ ላለች አንዲት ክርስቲያን ሴት ስትሰጥ አየሁ። ደሜ ፈላ። የኔን ምግብ ተጸየፈች፣ ምናልባትም እንደኔ መርዝ ጠረጠረች አልኩ። ለምን እንደማትበላው ሠላሳ ዓመት የማውቀው ነገር ነው። ያን ቀን ግን ከጭንቅላቴ ውስጥ የለም። እንደ ጠፋ ስም እንኳ አልነበረም፤ ስም ሲጠፋ ቢያንስ መጥፋቱ ይታወቃል።

በሳምንቱ የሳጥኔ ቁልፍ ጠፋ። ሳጥኑ ውስጥ የቤቴ ካርታ አለ። ሌባዋ ታወቀች አልኩ በሆዴ።

የእድራችን ሴቶች ስብሰባ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነን። ዘይነባ ገባች። ሰላምታ ሰጠች። እኔ አልመለስኩም።

«ቁልፌን መልሺ» አልኳት።

«የምን ቁልፍ?»

«ሌባ» አልኳት።

ደግሜ አልኩት። ዘይነባ ሻሿን አስተካከለች። ወጣች። ማንም አልተከተላትም። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። የጓሮው በር ላይ ጓጉንቸር ገዝቼ ቆለፍኩበት።

ገበያ ላይ ሚዛን ይዛ የምትውል ሴት ሌባ ከተባለች ምን ይቀራታል? በዚያ ሳምንት ከዘይነባ የገዙ ሁለት ሴቶች ኮረሪማቸውን ሌላ ሻጭ ጋር ወስደው አስመዘኑ። ይህን የሰማሁት ብዙ ቆይቶ ነው። ያኔ ብሰማው ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን ይጻፍ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሃና ሳትጠራ መጣች። ማን እንደጠራት ስጠይቃት «ናፍቀሽኝ» አለች። ውሸት ነበር። ስልኳን ወስዳ ውጭ ስታወራ የዘይነባን ስም ሰማሁ። ተማክረው ካርታዬን ሊወስዱ ነው አልኩ። «ስኳርሽን ለመታየት ብቻ ነው» ብላ ወደ ሆስፒታል ይዛኝ ስትሄድ ዝም ብዬ የተከተልኳት የሚያሴሩትን ለማወቅ ነው። ለመዳን አልሄድኩም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ከኔ ተማሪዎች አንዱ ይሆናል ብዬ ፊቱን መረመርኩ፤ አልነበረም። ሦስት ቃል ሰጠኝና ያዣቸው አለኝ፤ ማለቴ «ይያዙልኝ» ነው ያለኝ፣ በአክብሮት ነው የሚናገረው። በቅሎ፣ ቁልፍ፣ ጤፍ። ሌላ ሌላ ሲጠይቀኝ ቆየና ቃላቱን እንድመልስ ጠየቀኝ። ያገኘሁት «ቁልፍ» የሚለውን ብቻ ነው።

«ደግሞ የቁልፌን ነገር ማን ነገረህ?» አልኩት።

ያልኩትን ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ከዚያ በወረቀት ላይ ሰዓት ይሣሉ፣ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ያድርጉት ተባልኩ። ክቡን ሣልኩ፣ ቁጥሮቹን ደረደርኩ፣ አጭሩን ዘንግ አምስት ቁጥር ላይ አሳረፍኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «በእጅዎ ላይ ባለው ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ሲሆን አጭሩ ዘንግ የት ይሆናል?» አለኝ። ተንኮል መሰለኝ። የእጅ ሰዓቴን አየሁት። እዚህ አገር አምስት ሰዓት ሲሆን ዘንጉ አሥራ አንድ ላይ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያነበብኩት እንደዚያ ነው። ምድር ስትዞር የሰዓት ልዩነት እንዴት እንደሚመጣ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ መጀመሪያ ራሴን የጠረጠርኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ሐኪሙ ሁለት ጣት ያላት ብረት መትቶ የእግሬ አውራ ጣት ላይ አኖራት። «ስትነዝር ይሰማዎታል?» አይሰማኝም። የምወስደውን ኪኒን ጠየቀኝ፣ የምበላውን ጠየቀኝ። እኔ ዓመቱን ሙሉ መጾሜን ስነግረው ሌሎች እንደሚያደርጉት አላደነቀም። ብዕሩን አስቀመጠ።

«የመርሳት በሽታው፣ ዲመንሺያ የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ነገር ሆኖ እሱን ሊመስልም ይችላል። ሳይመረመር ስም አልሰጠውም» አለ። ሃና ማልቀስ ጀመረች። እኔ አላለቀስኩም። ቀጠለና «ሜትፎርሚን ብዙ ዓመት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። እርስዎ በሁለቱም በኩል ዘግተውበታል። እሱ ሲያልቅ ነርቭንም አእምሮንም ይጎዳል፤ ያስረሳል፣ አንዳንዱንም ሰው ተጠራጣሪ ያደርጋል» አለኝ።

የደም ምርመራው ቀይ የደም ሕዋሶቼ ከልክ በላይ ትልልቅ መሆናቸውን አሳየ። ለቀረው ወደ ደሴ ተላክን፤ ለቢ12፣ ለታይሮይድ፣ ለጭንቅላት ሲቲ ስካን። አውቶቡሱ አቀስታ ላይ ሲቆም ብርዱ ሃናን ሲያንዘፈዝፋት የኔ እግር ምንም አላለም። ላቦራቶሪው ውስጥ ደሜ ባለበት ብልቃጥ ላይ ስሜ መጻፉን ካላየሁ አልነሣም ብዬ ሰልፍ አስቆምኩ። ሠራተኛዋ አሳየችኝ። እውነትም ስሜ ነበር።

ውጤቱ መጣ። ቢ12 እጅግ ዝቅ ብሏል። ታይሮይድ ደህና ነው። ሲቲ ስካኑ ዕጢም የፈሰሰ ደምም አላሳየም። ሐኪማችን ወረቀቱን አንብቦ «የጠፋው ሁሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ግን በጊዜ ደርሰናል፤ እንጀምር» አለ።

መርፌው መጀመሪያ በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ አሁን በየወሩ ነው። የስኳር ኪኒኔን አላቋረጠብኝም፤ እኔም በራሴ አላቆምኩም። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸውና «መድኃኒትሽን ውሰጂ፣ ከጾሙ ውጭ ደግሞ እንቁላሉንም ወተቱንም ብዪ፣ ይህ የኔ ትእዛዝ ነው» አሉኝ። ትእዛዝ ሲሉ ሐኪሙ አስቀድሞ ያነጋገራቸው መሰለኝ። ያን ጊዜም ጥርጣሬው አልለቀቀኝም ነበር፤ ነርሷ መርፌ ልትወጋኝ ስትል ብልቃጡን ተቀብዬ ስሙን ካላነበብኩ ክንዴን አልሰጥም።

መጀመሪያ የተመለሰው እግሬ ነው። አንድ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሲሚንቶው ቀዘቀዘኝ፣ እኔም ተመልሼ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን አንዴ መሬት አንዴ ምንጣፍ ላይ እያኖርኩ ልዩነቱን ስሰማ ቆየሁ፣ ሃናም ደውላ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ወለሉ ቀዝቃዛ ነው» ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ስሞች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ፤ ወንፊት መጣ፣ የዳገቱ ባለሱቅ ስም መጣ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች የትኛው የማን ወንድም እንደሆነ መጣ፣ አንዳንዱ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም፣ የእግሬም ጣቶች ጫፍ አሁንም እንደ ደነዘዘ ነው።

በሦስተኛው ወር የአብሽ ማሰሮ ውስጥ እጄን ስከት ብረት ነካሁ። የሳጥኔ ቁልፍ ነበር፣ በወረቀት ተጠቅልሎ። ወረቀቱን ፈታሁት። «ዘይነባ እንዳታገኘው» ይላል። ጽሑፉ የኔ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት የእጅ ጽሑፍ፣ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ።

ሰው ሲኮርጅ በወረቀቱ ነው የምይዘው። እኔም በወረቀቴ ተያዝኩ።

ወደ ጓሮው በር ሄድኩ። የጓጉንቸሩን ቁልፍ ፈለግሁ፤ የለም። ይህን ጊዜ ማንንም አልጠረጠርኩም፤ መዶሻ አምጥቼ ሰበርኩት።

ዘይነባ ደጃፏ ላይ ጥቁር አዝሙድ ታበጥራለች። ወረቀቱን ዘረጋሁላት። እሷ ማንበብ ስለማትችል ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። «ዘይኑ፣ አፉ በይኝ» አልኳት። አፉ ማለት እዚህ ወሎ ይቅርታ ነው፤ እስላም ክርስቲያኑ ይለዋል።

«እኔ ዶሮዋ በድስት የመጣች ዕለት ነው ያወቅሁት» አለችኝ። «አስካለ እኮ የኔን ዶሮ ረስታ አታውቅም። ባልሽ በሞተበት ዓመት እንኳ አልረሳሽም። ታማለች ብዬ ያኔውኑ ለሃና ደወልኩላት። ‹ደክሟት ነው› ብላ አላመነችኝም። እድር ላይ ያ ከሆነ በኋላ ነው ደግሜ የደወልኩት።»

«ሌባ ስልሽስ?»

«እሱማ አቃጠለኝ። ወላሂ አቃጠለኝ። አንቺ እንዳልሆንሽ ባውቅም አቃጠለኝ።» አዝሙዱን ወደ ጎን አደረገች። «አፉ እልሻለሁ። ግን በሰው ፊት ያልሽውን በሰው ፊት መልሺልኝ።»

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ተነሥቼ ወረቀቱን አነበብኩ። አንዷ ሴት «ይቅር፣ የታመመ ሰው ነገር ማን ይዞት» አለች፤ ልታድነኝ ነው። አልፈለግሁም። «ይያዝ እንጂ» አልኳት። «ቁልፉን የደበቅሁት እኔ ነኝ፣ ሌባ ያልኩት ደግሞ ያሳከመችኝን ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮረሪማ ሌላ ጋር ማስመዘን ቀረ ብላኛለች ዘይነባ፤ ሚዛን ሲነሣ ግን አሁንም የሚያፈጥ አንድ ሁለት ሰው አለ። ቃል ከወጣ በኋላ የሚመልሰው መርፌ የለውም።

አሁን የምመክረውን ልምከር፤ ሐኪም አይደለሁምና ከሐኪም ጋር አመዛዝኑት። የማንኛውም ሰው መርሳት እንደኔ በመርፌ ይመለሳል አልልም። አብዛኛው ዲመንሺያ እንደዚህ አይደለም፤ ታክሞ የማይመለስ አለ፣ እሱ የያዘውም ሰው ክብርና እንክብካቤ ያስፈልገዋል። ግን ሳይመረመር «እርጅና ነው» ብሎ መተው፣ ወይም እንደኔ «ጽድቅ ነው» ብሎ ማድነቅ፣ ሊድን የሚችለውንም ይቀብራል። ሜትፎርሚን የምትወስዱ፣ ብዙ የምትጾሙ፣ ቢ12 ልመርመር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተከታተሉ፤ ለአእምሮም ነው። ጆሮ ከከዳችሁ ታዩ፤ ያልሰማ ሰው ከሰው ይርቃል፣ መራቁም ለአእምሮ ጥሩ አይደለም። ሲጋራ ተዉ፣ በእግር ሂዱ፣ እንቅልፍ ተኙ። አዲስ ነገር ተማሩ፤ እኔ ከዘይነባ የቅመም ቅልቅል እየተማርኩ ነው፣ በመጠኑ ላይም እንከራከራለን። ሱቅ ላይ «አእምሮ ያጠነክራል» ተብሎ የሚሸጠውን ብልቃጥ ግን ጠርጥሩት፤ ይህን ያህል ጥርጣሬ ይፈቀድላችኋል።

አስታማሚ ከሆናችሁ ደግሞ እናታችሁ ሌባ ስትላችሁ አትሟገቱ፣ ቁልፉን አብራችሁ ፈልጉ። ሰላምታዋ ማማሩ አያታልላችሁ። የሰው ስም ትጠራ እንደሆነ አድምጡ። የማትረሳውን ነገር የረሳች ዕለት ሐኪም ዘንድ ውሰዱ።

ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ ሃናን አመሰግናለሁ። ዘይነባን ለማመስገን ይህን ጽሑፍ በሙሉ አነበብኩላት። ሁለት ቦታ አረመችኝ። አንደኛው፣ ድስቱ ውስጥ የነበረው እንቁላል ሁለት ነው፤ ሁለተኛውን ግን አልነግራችሁም።

ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ዶሮዋን ራሴ ገዛሁ፤ ገብስማ ናት። እግሯን አስሬ በጓሮው በር ይዣት ሄድኩ። ዘይነባ ቀና ብላ ዶሮዋን አየች፣ እኔን አየች።

«አስኩዬ፣ ትናንት አምጥተሽልኝ የለም እንዴ?» አለችኝ፣ ፊቷ ምንም ሳይል።

ዱሮ ቢሆን ውሸታም እላት ነበር። አሁን ትናንትን አንድ በአንድ ፈለግሁት፤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ኪኒኔን ዋጥኩ፣ ከሃና ጋር በስልክ አወራሁ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ። ዶሮ የለበትም። የለበትም ብዬ ግን መማል አልቻልኩም። ዶሮዋን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ፊቴን ስታይ ወንፊቷን ጥላ ተነሣች። «ወላሂ ስቀልድ ነው። አላመጣሽም፣ አላመጣሽም። አፉ በይኝ» እያለች፣ እየሳቀች፣ ዶሮዋን ከእጄ ወሰደቻት።

«ሌባ» አልኳት።